በረዶ፣ አመዳይ፣ ውርጭ፦ ስለ አመዳይ ላይ ስፖርቶች የአማርኛ ስያሜ

፩. የጥያቄው መነሻ

በዲላ ከተማ የሚኖር አንድ ተማሪ በአማርኛ ጋዜጣ ላይ «በበረዶ ላይ መንሸራተት» የሚል ሐረግ ቢያነብ፣ በአእምሮው የሚቀረጸው ሥዕል ምን ይሆን? ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የተቈረቈረች የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት። በዚያ አገር በረዶ ማለት ነጎድጓድ በበዛበት ዝናብ መካከል የቆርቆሮውን ጣሪያ እየደበደበ የሚወርድ፣ የእንሰቱን ቅጠል የሚተረትር፣ የቡናውን አበባ የሚያረግፍ ጠጣር ጠጠር ነው። ተማሪው ከዚህ ሌላ የሚያውቀው በረዶ ቢኖር በማቀዝቀዣ ውስጥ የረጋው ውሃ ነው። እንግዲህ «ሰው በጠጠር ላይ እንዴት ይንሸራተታል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ የስያሜው ነው።

ጕድለቱ የአነጋገር ለዛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላወያየ ነበር። ነገር ግን ዛሬ በኖርዌይ፣ በስዊድን፣ በስዊዘርላንድ፣ በካናዳና በሰሜን አሜሪካ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ለትምህርትም ለሥራም ወደዚያ የሚሄደው ወጣት ጥቂት አይደለም። በአልፕስ ተራራ ግርጌ የተተከለ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የበረዶ መውረድ ያሰጋል» ቢባል፣ አንባቢው ከዛፍ ሥር ሊጠለልለት የሚችል ዝናብ የመጣ ይመስለዋል እንጂ፣ ከተራራው ጫፍ ተንዶ ሰውንና ቤትን የሚቀብር ክምር እንደሚመጣበት አይረዳም። በመሆኑም የቃሉ ምርጫ የቋንቋ ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ጉዳይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ «በረዶ» የተባለው አንድ ስም የተሸከማቸውን ልዩ ልዩ ነገሮች ለይቶ ማሳየት፣ ለእያንዳንዳቸው በቋንቋው ውስጥ ያለውን ቃል ማመልከት፣ ከዚያም በዚህ ላይ ተመሥርቶ ለዋና ዋናዎቹ የክረምት ስፖርቶች ስያሜ ማቅረብ ነው።

፪. አራት ነገሮች፣ አንድ ስም

በተፈጥሮ ሳይንስ ረገድ አራቱን ነገሮች መለየት አስቸጋሪ አይደለም። የመጀመሪያው ከነጎድጓድ ደመና የሚወርደው ጠጠር ነው። በደመናው ውስጥ ወደ ላይ የሚነፍሰው ኀይለኛ አየር የውሃ ጠብታዎችን ወደ ቀዝቃዛው ከፍታ ይዟቸው ይወጣል፤ እነርሱም ይረጋሉ፣ በላያቸው ሌላ ውሃ እየተለጠፈ ይወፍራሉ፣ አየሩ ሊሸከማቸው ሲያቅተው ይወድቃሉ። ስለዚህ በሞቃት አገርም፣ በሞቃት ወራትም ይወርዳል።

ሁለተኛው በቀዝቃዛ አገር ሰማይ እንደ ተባዘተ ጥጥ እየተንሳፈፈ የሚወርደው ነው። ይህ የረጋ ጠብታ አይደለም፤ በደመናው ውስጥ ያለው የውሃ ተን ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ስድስት ጐን ብልጭልጭታ ሲለወጥ የሚፈጠር ነው። በብልጭልጭታዎቹ መካከል አየር ስለሚታቀፍ ይለሰልሳል፣ ይነጣል፣ መሬት ላይ ሲከመር እግርን ያሰጥማል።

ሦስተኛው ጥርት ባለ ብርዳማ ሌሊት በሣርና በድንጋይ ላይ ተጋግሮ ጧት የሚታየው ነው። ይህ ከሰማይ አይወርድም፤ በአካባቢው አየር ያለው ተን ከቀዘቀዘው መሬት ጋር ሲገናኝ ይረጋል። አራተኛው ደግሞ የኩሬ፣ የሐይቅ ወይም የማቀዝቀዣ ውሃ ሲረጋ የሚሆነው ጠንካራና ለስላሳ ገጽ ያለው ግግር ነው።

የክረምት ስፖርቶችም የሚከፈሉት በዚሁ መስመር ነው። ስኪ፣ የሳንቃ መንሸራተት፣ በጋሪ መንሸራተት በሁለተኛው ላይ ይካሄዳሉ። በምላጭ ጫማ መንሸራተት፣ የገና ጨዋታን የሚመስለው ሆኪ፣ ከርሊንግ የተባለው የድንጋይ ጨዋታ በአራተኛው ላይ ናቸው። መሣሪያው፣ ስልቱ፣ አደጋውም በሁለቱ ላይ ፈጽሞ የተለያየ ነው። ሁለቱን «የበረዶ ስፖርት» ብሎ በአንድ ማጠቃለል የዋናንና የጀልባን ውድድር «የውሃ ስፖርት» ብሎ ከዚያ በላይ ለመለየት እንደ መስነፍ ነው።

፫. የቋንቋው ሀብት

አማርኛ በዚህ ረገድ ድኻ ነው የሚሉ አሉ፤ ይህ ግን ትክክል አይደለም። ደገኛው የራሱን አየር ጠባይ ሲከፍል ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብሎ ከሁሉ በላይ ያለውን ከፍታ «ውርጭ» ይለዋል። ውርጭ የሌሊቱም ግግር፣ የቦታውም ስም ነው። «ቁር» ሌላ፣ «ብርድ» ሌላ፣ «አመዳይ» ሌላ ነው።

ግእዝን ብንመለከት «በረድ»፣ «ሐመዳ»፣ «አስሐትያ» የሚሉ ሦስት ቃላት እናገኛለን። በረድ የአማርኛው በረዶ ምንጭ ነው። ሐመዳ እንደ ባዘቶ የሚወርደው ነጭ ነገር ሲሆን አመዳይ ከዚሁ የመጣ ነው፤ ቃሉ «ሐመድ» ማለትም አመድና ትቢያ ከሚለው ጋር በመልክም በምስልም ይቀራረባል፤ በሁለቱም ዘንድ የደቀቀና የተበተነ ነገር አለና። አስሐትያ ለውርጭ ይነገራል። ይሁን እንጂ ድንበሩ በጥንቱም ቢሆን ሁልጊዜ የተጠበቀ አልነበረም። በ50ኛው መዝሙረ ዳዊት የንጽሕናን ንጣት ለመግለጽ የግእዙ ተርጓሚ የመረጠው ቃል በረድ ነው፤ በጽርዑ ያለው ቃል ግን ለስላሳውን ነጭ የሚያመለክት ነው። እንግዲህ በረዶ የአመዳይን ቦታ መያዝ የጀመረው የዛሬ ጋዜጠኛ አይደለም፤ ነገሩ ከሺሕ ዓመት በላይ የቈየ ነው።

«አመዳይ» የሚለውን ቃል ለሁለተኛው ነገር እናጽና ሲባል የሚነሣ አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ። በደጋው አነጋገር አመዳይ ሌሊት ተጋግሮ ጧት በሣር ላይ ለሚታየው ንጣትም ይነገራልና ግራ አያጋባምን? መልሱ፣ ለዚያኛው ውርጭ የሚል የታወቀና የጸና ስም ስላለ አመዳይን ለሰማዩ ብንተወው የሚራቆት ነገር የለም የሚል ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም በረዶ፣ አመዳይና ውርጭ ተለይተው የተነገሩበት ቦታ ስላለ ልማዱ አዲስ አይሆንም።

፬. ነገሩ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነውን?

«ለማናየው ነገር ስም ምን ያደርግልናል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ታሪክ ግን ሌላ ይመሰክራል። በስድስተኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ ካገኘው የድንጋይ ዙፋን ላይ የገለበጠው የጽርዕ ጽሕፈት፣ ስሙ ያልተጠቀሰ አንድ የአክሱም ንጉሥ በሰሜን ተራሮች ስላደረገው ዘመቻ ይናገራል። ንጉሡ በዚያ ስላጋጠመው ቁርና ሰው እስከ ጕልበቱ ስለሚሰጥምበት አመዳይ ይገልጻል። ሰው በጠጠር በረዶ ውስጥ እስከ ጕልበቱ አይሰጥምም። ያ ጽሕፈት በአማርኛ «ጥልቅ በረዶ» ተብሎ ቢተረጐም የንጉሡ ሠራዊት የደረሰበት ችግር ከግማሽ በላይ ይጠፋል። ዛሬም ከ4,500 ሜትር በላይ በሚነሣው በራስ ደጀን አመዳይ አልፎ አልፎ ይወርዳል፤ ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ አይቈይም። በሰሜንና በባሌ ተራሮች በጥንታዊው የቅዝቃዜ ዘመን የበረዶ ግግር እንደ ነበረ ግን የመሬት ሊቃውንት ያገኟቸው ምልክቶች ያስረዳሉ።

በስፖርቱም በኩል ቢሆን የመጀመሪያው የሚጠቀስ ስም ማንም ኢትዮጵያዊ የሚያውቀው ነው። የማራቶኑ ጀግና አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ መራመድ ከተሳነው በኋላ፣ በ1963 ዓ.ም. (በ1971 እ.ኤ.አ.) በኖርዌይ በተደረገው የአካል ጕዳተኞች ውድድር ላይ ተገኝቶ፣ በውሾች በሚጐተት ተንሸራታች ጋሪ አገር አቋራጭ ውድድር አሸንፏል። ተጠርቶ የሄደው በእንግድነት ነበር። ይህን ድል በአማርኛ ለመተረክ የሚነሣ ጸሐፊ ለጋሪው፣ ለመንገዱና ለሚሮጥበት ነገር ሦስት ቃላት ያስፈልጉታል።

ሮቤል ተክለማርያም ደግሞ በየካቲት 1998 ዓ.ም. (በ2006 እ.ኤ.አ.) በኢጣልያ ቶሪኖ ከተማ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በ15 ኪሎ ሜትር የስኪ ውድድር ተካፍሏል፤ በክረምት ኦሊምፒክ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊም እርሱ ነው። ከአራት ዓመት በኋላም በካናዳ ቫንኩቨር ተወዳድሯል። የተወዳደረበት ዓይነት በአማርኛ ሲጠራ ችግር አይፈጥርም፤ «አገር አቋራጭ» የሚለውን ቃል የሩጫው ስፖርት አስቀድሞ አዘጋጅቶልናልና።

፭. ስለ ግሡና ስለ ውሰት ቃላት

በስያሜ ሥራ የተለመደው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፦ በመጀመሪያ በሕዝቡ አፍ ያለውን ቃል መፈለግ፤ ካልተገኘ የነባሩን ቃል ትርጕም ማስፋት ወይም ሁለት ቃላትን ማጣመር፤ ከዚያም ከግእዝና ከሌሎች ያገራችን ቋንቋዎች መውሰድ፤ በመጨረሻም የውጭውን ቃል በአማርኛ ድምፅ አስማምቶ መቀበል።

ግሡን በተመለከተ ሁለት ቃላት ይፎካከራሉ፤ «አዳለጠ» እና «ተንሸራተተ»። ሰው «አዳለጠኝ» ሲል አድራጊው መሬቱ ነው፤ ተናጋሪው ተጠቂ ነው። «ተንሸራተትሁ» ሲል ግን አድራጊው ራሱ ሊሆን ይችላል። በክረምት ጭቃ ላይ የወደቀ መንገደኛ አዳልጦታል፤ ያንኑ ቁልቁለት ለጨዋታ የመረጠ ሕፃን ግን ተንሸራቷል። ስለዚህ ለስፖርቱ መንሸራተት፣ ለአደጋው ማዳለጥ ተለይተው ቢቀመጡ ቋንቋው ራሱ ያበጀው ልዩነት ይጠበቃል። ሌላውን ነገር መግፋት ሲሆን ደግሞ «ማንሸራተት» አለ፤ በከርሊንግ ተጫዋቹ ድንጋዩን ያንሸራትታል።

«ስኪ» የሚለው ቃል ጥንታዊ የኖርስ ቋንቋ ሲሆን ትርጕሙ የተፈለጠ እንጨት ማለት ነው። በዚህ መሠረት «ፍልጥ» ብንለው ከምንጩ ጋር በትክክል ይገጥማል፤ ነገር ግን በአማርኛ ፍልጥ የማገዶ ስም ስለሆነ «በፍልጥ ወረደ» የሚለውን የሚሰማ ሰው መሳቁ አይቀርም። ስለዚህ ውሰቱን መቀበል ይሻላል። በአጠራሩ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አማርኛ ተናጋሪ በቃል መነሻ ላይ ሁለት ተነባቢዎች ሲገጥሙት «እ»ን ያስቀድማል፤ እስክሪብቶ እንደሚል ሁሉ «እስኪ» ይላል። «እስኪ» ግን በቋንቋችን የልመናና የማግባቢያ ቃል ነው፤ በግሥ ላይ ሲጫንም «እስኪመጣ» እንደሚባለው የጊዜ ወሰን ያመለክታል። ስለዚህ በጽሕፈት «ስኪ» ብቻ ቢባል፣ በንግግርም «የስኪ ውድድር»፣ «በስኪ ወረደ» እየተባለ ከመስተዋድድ ጋር ቢነገር መደናገሩ ይቀራል። ኖርዌያውያን ራሳቸው ቃሉን «ሺ» ብለው ያነቡታል፤ ያንን ብንከተል ከቍጥሩ ሺ ጋር ስለሚጋጭ አንመክረውም።

ከዚህ የባሰ ግጭት ያለው በምላጭ ጫማው ስም ነው። የውጭውን ቃል በፊደላችን ስንጽፈው «ስኬት» ይሆናል። ስኬት ደግሞ መሳካት ማለት ነው። «ወጣቱ በስኬት ተወዳደረ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ስለ ጫማው ይሁን ስለ ውጤቱ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ይህን ውሰት ትተን «የምላጭ ጫማ» ማለት ይገባናል። በአንጻሩ ስኬሌተን የተባለውን ውድድር ቃል በቃል ተርጕሞ «የአጽም ውድድር» ማለት መሳሳት ነው፤ በዚህ ቦታ ቃሉ የአንድ ዓይነት ዝቅተኛ ጋሪ ስም እንጂ የሰው አጽም አይደለምና በውሰት ይቈይ።

፮. የቀረቡ ስያሜዎች ከነብያኔያቸው

አመዳይ፦ በቀዝቃዛ አገር ከደመና እንደ ባዘቶ የሚወርድ ለስላሳ ነጭ ብልጭልጭታ።

በረዶ፦ (1) በዝናብ መካከል የሚወርድ ጠጣር ጠጠር፤ (2) በጠቅላላው የረጋ ውሃ። ለሁለተኛው ትርጕም መለየት ሲያስፈልግ «ግግር በረዶ» ይባላል።

ጥርጊያ፦ በአመዳይ መዝናኛ ስፍራ ተደልድሎና ተጠቅጥቆ ለመንሸራተት የተዘጋጀ ቁልቁለት። «ጥርጊያ መንገድ» ከሚለው የተወሰደ። በአውሮፓ የጥርጊያው ክብደት በቀለም ይታወቃል፤ ሰማያዊ ለቀላሉ፣ ቀይ ለመካከለኛው፣ ጥቁር ለአስቸጋሪው ነው፤ በፈረንሳይ ከሰማያዊው በታች ለጀማሪ አረንጓዴ ይጨመራል። ከዚህ የወጣው «ከጥርጊያ ውጭ» ይባላል።

ቁልቁል ስኪ፦ ተረከዝም ጣትም በመንሸራተቻው ላይ ታስሮ ከተራራ የሚወረድበት። በተተከሉ ምሰሶዎች መካከል እየተጠማዘዙ የሚወረድበት ዓይነት «ስላሎም» ይባላል፤ ቃሉ ኖርዌይኛ ነው።

አገር አቋራጭ ስኪ፦ ጣት ብቻ ታስሮ ተረከዝ ነፃ ሆኖ በሜዳና በዳገት የሚኬድበት። በሁለት ትይዩ ፈለጎች ላይ ወደ ፊት የሚኬድበት «ነባር ስልት»፣ እግርን ወደ ጐን እየገፉ የሚኬድበት «ነፃ ስልት» ይባላል። ሮቤል በቶሪኖ በመጀመሪያው፣ በቫንኩቨር በሁለተኛው ተወዳድሯል።

ምርኩዝ፦ ሚዛን ለመጠበቅና ለመግፋት በሁለት እጅ የሚያዝ ዘንግ።

የድግር አቋም፦ ጀማሪ ሁሉ አስቀድሞ የሚማረው የመግቻ ስልት፤ የመንሸራተቻዎቹ ጫፎች ከፊት ተቀራርበው ጅራቶቻቸው ሲከፈቱ፣ በማረሻ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ድግሮች ይመስላል። በጌዴኦ እርሻው የእንሰትና የቡና ጥምር በመሆኑ፣ በሬና ሞፈርም እምብዛም የማይታይ በመሆኑ፣ ለዚያ አካባቢ አንባቢ ከቃሉ ጋር ሥዕል ማያያዝ ይጠቅማል።

የአመዳይ ሳንቃ፦ ሁለቱም እግሮች በጐን ታስረውበት የሚንሸራተቱበት አንድ ሰፊ ሳንቃ። በኦሊምፒክ የገባው በ1990 ዓ.ም. (በ1998 እ.ኤ.አ.) በጃፓን ናጋኖ ነው።

የአመዳይ ጫማ፦ ከጫማ ሥር የሚታሰር ሰፊ መርገጫ፤ ክብደትን አከፋፍሎ እግር እንዳይሰጥም ያደርጋል። ስልት ያልተማረ እንግዳ ሊሞክረው የሚችል ቀላሉ ይህ ነው።

ተንሸራታች ጋሪ፦ መንኰራኵር የሌለው፣ በሰው፣ በውሻ ወይም በቁልቁለቱ ብቻ የሚሄድ ጋሪ። ከዚህ ወገን በግግር በረዶ ቦይ ውስጥ የሚወርዱት ቦብስሌድ፣ ሉጅ (በጀርባ ተኝቶ፣ እግር ወደ ፊት) እና ስኬሌተን (በሆድ ተኝቶ፣ ራስ ወደ ፊት) በውሰት ይቈያሉ።

በምላጭ ጫማ መንሸራተት፦ ከሥሩ የብረት ምላጭ ባለው ጫማ በግግር በረዶ ላይ መንሸራተት።

የአመዳይ ናዳ፦ በተራራ ጐን የተከመረ አመዳይ በድንገት ተንዶ መውረድ። «ናዳ» በአገራችን የአፈሩን ናዳ አደጋ ያየ ሁሉ የሚያውቀው ቃል ስለሆነ ፍርሃቱን ሳያጐድል ያስተላልፋል። በአውሮፓ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የናዳ ስጋት በአምስት ደረጃ ይገለጻል፤ እነዚህንም ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ጕልህ፣ ከፍተኛ፣ እጅግ ከፍተኛ ብለናቸዋል። ሦስተኛው «ጕልህ» የተባለው በጥንቃቄ ነው። ከመካከለኛ ጋር የሚምታታ ለስላሳ ቃል ቢመረጥ ይጐዳል፤ በአልፕስ ተራሮች ከሚደርሰው የሞት አደጋ ብዙው የሚደርሰው ይህ ደረጃ በታወጀባቸው ቀኖች ነውና።

፯. ማጠቃለያ

ከላይ የቀረቡት ሁሉ የሚያርፉት በአንድ መሠረት ላይ ነው፤ ይኸውም አመዳይና ግግር በረዶ በስም ካልተለዩ ስፖርቶቹም፣ መሣሪያዎቹም፣ አደጋዎቹም አይለዩም የሚል ነው። ይህ መሠረት ከጸና የቀረው በጊዜ የሚታረም ነው። ሕዝቡ በዕለት ንግግሩ በረዶ ማለቱን እንዲተው አንጠይቅም፤ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ፣ የመማሪያ መጽሐፍ ጸሐፊ፣ የዜና አንባቢና ተርጓሚ ግን ልዩነቱን ቢጠብቁ የሕዝቡ አነጋገር ቀስ በቀስ ይከተላቸዋል።

ጥያቄው የአማርኛ ብቻም አይደለም። በጌዴኦ ዞን ሕፃናት በመጀመሪያ ደረጃ በጌዴኦፋ ይማራሉ፤ መምህሩ ስለ አልፕስ ተራሮች ሲያስተምር ያው ችግር ይጠብቀዋል። የአማርኛውን ቃል እንዳለ ከመውሰድ ይልቅ በቡሌ ደጋ የሚኖሩ አረጋውያን የጧቱን ውርጭና የከሰዓቱን በረዶ በምን በምን ስም እንደሚለዩአቸው መጠየቅ ይበጃል። ቃል የሚገኘው ነገሩን ከሚያውቅ ሰው አፍ ነው። አንባቢዎችም በየአካባቢያቸው በረዶን፣ አመዳይንና ውርጭን የሚለዩባቸውን ቃላት ከነአነጋገራቸው ቢያቀብሉ፣ ስያሜው በጠረጴዛ ላይ ብቻ የተሠራ ከመሆን ይድናል።